መጽሐፉን ዘግቶ ማጥናት
ከአብነት ትምህርት ቤት ለብሔራዊ ፈተና የሚተርፍ ትምህርት

መግቢያ

በአንድ የጥቅምት ምሽት በመሐል ሜዳ ከተማ መብራት ጠፋ። የጥቅምት ብርድ በመንዝ ደጋ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ባናውን ተከናንቦ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ዲያቆን፣ ዛሬም ጥናት የለም፤ መብራቱ ሄደ» አለን።

በዚያው ሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ካለችው ጎጆ የአብነት ተማሪዎች ድምፅ ይሰማ ነበር። እነርሱም መብራት አልነበራቸውም፤ በእጃቸውም መጽሐፍ አልያዙም። ትልቁ ተማሪ ይመራል፤ ታናናሾቹ ይቀበላሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ በተራው ያለ መሪ ብቻውን ይለዋል። ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው ይማሩ ነበር። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጨለማ ውስጥ፣ አንዱ ጥናቱን ሲያቆም ሌሎቹ ቀጠሉ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ምሽት ነው። ልጆቻችን ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁበትን መንገድ ስንመረምር አብዛኛው ጥናት «ደጋግሞ ማንበብ» ሆኖ እናገኘዋለን። አባቶቻችን በአብነት ትምህርት ቤት ሲሠሩበት የኖሩት፣ በዘመናችንም የሥነ ልቡና ምሁራን በጥናት ያረጋገጡት ዘዴ ግን ከዚህ ይለያል። ዘዴው ብዙ መጻሕፍትን፣ ብዙ ገንዘብን፣ አንዳንድ ጊዜም መብራትን እንኳ አይጠይቅም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው አቅሙ ውሱን ለሆነው ተማሪ ነው።

የጉዳዩ ክብደት

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመግታት ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.2 ከመቶ ሆነ፤ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ደረሰ። መሻሻል አለ፤ ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከ10 ተፈታኞች 9ኙ የማለፊያውን ነጥብ አላገኙም ማለት ነው።

በአካባቢያችን ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨምሯል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። ስለዚህ የወደቀውን ተማሪ ሁሉ «ሰነፍ ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የባከነውን የትምህርት ጊዜ፣ የመምህርና የቤተ ሙከራ እጥረትን የጥናት ዘዴ ብቻውን አይተካም። ሆኖም ተማሪው በእጁ ያለችውን ጥቂት ሰዓት እንዴት እንደሚጠቀምባት ማወቁ በራሱ ሥልጣን ሥር ያለ ነገር ነው። እኛም የምንናገረው በዚህ ስለሚቻለው ነገር ነው።

እኛም አልፈንበታል። የ10ኛ ክፍል ፈተና በሚሰጥበት ዘመን ደብተሮቻችንን ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ አንብበን፣ በቀለም አስምረን፣ በሙሉ ልብ ወደ ፈተናው ገባን። ውጤቱ ሲመጣ በሒሳብና በፊዚክስ ያገኘነው ለቤተሰብ የሚነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት ግን ከቅዳሴ መምህራችን ዘንድ ግብረ ዲቁናን በቃላችን እንማር ነበር፤ ያ ትምህርት እስከ ዛሬ አልጠፋብንም። ጭንቅላቱ አንድ ነው፤ ዘመኑም አንድ ነው፤ የተለያየው አጠናኑ ነበር። መምህራችን «አንብበኸዋል ወይ?» ብለው ጠይቀውን አያውቁም። ይጠይቁ የነበረው «በል እስኪ፣ ትናንት የሰጠሁህን አሰማኝ» ብለው ነው።

1. መጽሐፉን ዝጉ

ወደዚያ ምሽት እንመለስ። ተማሪውን «ዛሬ ቀን ምን አነበብክ?» ብለን ጠየቅነው። «ባዮሎጂ፤ የሕዋስ ክፍፍልን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለ። «መልካም፤ እንግዲያው ማይቶሲስ ከሚዮሲስ በምን እንደሚለይ ንገረን» አልነው። ጀመረ፤ ከሁለት ዐረፍተ ነገር በኋላ ቆመ። ራሱን እያከከ «አውቀው ነበር እኮ!» አለ።

«አውቀው ነበር እኮ» የሚለው ቃል ከፈተና አዳራሽ በወጣ ተማሪ ሁሉ አፍ የሚሰማ ነው። ውሸት አይደለም፤ ተማሪው ገጹን ሲያየው ያውቀዋል። ገጽን አይቶ ማወቅና ገጹ በሌለበት ማስታወስ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደጋግሞ ማንበብ የሚያሳድገው የመጀመሪያውን ሲሆን ፈተና የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ ጽሑፉን ደግመው አነበቡት፤ ሌሎቹ ግን ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 ከመቶ፣ የጻፉት 75 ከመቶ አስታወሱ፤ አንባቢዎቹ በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት ወደ 42 ከመቶ ሲወርዱ ከአእምሯቸው አውጥተው የጻፉት 56 ከመቶ ያዙ። ደጋግሞ ማንበብ ለጊዜው የሚያስደስተው፣ በፈተናው ቀን ግን የሚከዳው ስለዚህ ነው።

አፈጻጸሙ ቀላል ነው።

ሀ. ከመጽሐፉ አንድ ንዑስ ርእስ ብቻ በማስተዋል አንብቡ፤ ከሁለትና ከሦስት ገጽ አይብለጥ።
ለ. መጽሐፉን ዘግታችሁ የምታስታውሱትን ሁሉ በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ወረቀት ከሌለ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩ።
ሐ. መጽሐፉን ከፍታችሁ አመሳክሩ፤ የረሳችሁትንና የሳታችሁትን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ጨምሩ።
መ. እንደገና ዘግታችሁ የጎደለውን ብቻ ድገሙ።

መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ ባዶ ሊመስል ይችላል፤ ይህ ተስፋ አያስቆርጣችሁ። ለማስታወስ የሚደረገው ትግል ራሱ ትምህርቱን ያጸናዋል። በጎችን ስትጠብቁ፣ ውኃ ለመቅዳት ስትወርዱ፣ ከትምህርት ቤት በእግር ስትመለሱ፣ መብራትም ሲጠፋ ይህን ማድረግ ይቻላል። የአብነት ተማሪ መብራትና መጽሐፍ ስለሌለው የተማረውን በቃሉ ማውጣት ግድ ሆነበት፤ ችግሩ ያስተማረው ዘዴም ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

2. ቀን ለይታችሁ ተመለሱበት

ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ በራሱ ላይ ያደረገውን ምርመራ ገለጸ። ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት በቃሉ እየያዘ ምን ያህሉ እንደሚጠፋበት መዘገበ። የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚጠፋ፣ በተለያዩ ቀናት የተከፋፈለ ክለሳም በአንድ ጊዜ ከተከመረ ጥናት እንደሚሻል አሳየ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ብዙ ተመራማሪዎችም ይህንኑ አጽንተዋል።

የአብነት መምህርም የትናንቱን ሳይቀበል አዲስ ቀለም አይሰጥም። ተማሪው የትናንቱን፣ ያለፈውን ሳምንትና ከዚያ በፊት የነበረውን እያሰማ ወደ አዲሱ ይሻገራል።

ለእናንተም ይህን ሥርዓት እንመክራለን። ሰኞ የተማራችሁትን ማታውኑ ዘግታችሁ አስታውሱ፤ ማክሰኞ 5 ደቂቃ መልሱት፤ በሚቀጥለው ሰኞ 10 ደቂቃ ስጡት፤ ከወር በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ፈትኑት። በየደብተሩ ርእስ ጎን የከለሳችሁበትን ቀን ጻፉ፤ ያልተከለሰው ወዲያው ይታያችኋል። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ማንበብ ለአንድ የክፍል ፈተና ሊያደርስ ይችል ይሆናል። ብሔራዊው ፈተና ግን የበርካታ ዓመታትን ትምህርት ስለሚጠይቅ በአንድ ሰሞን ሩጫ አይደረስበትም።

3. «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ

በቃል መያዝ ሲባል እንደ በቀቀን መድገም ማለት እንዳይመስላችሁ። በአብነት ትምህርት ቤትም በቃል የተማረው ተማሪ ወደ ቅኔ ቤት ሲሻገር የተማረውን ሰዋስው ይዞ ራሱ እንዲፈጥር ይጠየቃል። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ወደ ረጃጅሞቹ ይወጣል። የሌላውን ቅኔ በቃሉ ቢያውቅ ብቻ ባለ ቅኔ አያሰኘውም።

ከአካባቢያችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጂኦግራፊ መጽሐፋችሁ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ሙቀት እንደሚቀንስ፣ ይኸውም በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሆነ ተጽፏል። ይህን ቁጥር በቃል መያዝ አንድ ነገር ነው። አሁን ጠይቁ፦ መሐል ሜዳ ስትበርድ ከተራራው በታች ያለችው ሸዋ ሮቢት ለምን ትሞቃለች? መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ትበልጣለች፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ናት። ልዩነቱን 1,700 ሜትር ብንወስድ 1.7 ሲባዛ በ6.5 ወደ 11 ዲግሪ ይሆናል። በመንዝ ገብስ፣ በሸዋ ሮቢት ማሽላ የሚበቅልበትን አንዱን ምክንያትም በዚሁ አገኛችሁት።

ሕጉን ከምታውቁት ተራራ ጋር ያያዘ ተማሪ ጥያቄው ቁጥሩንና ቦታውን ለውጦ ቢመጣበት አይደናገርም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ርእስ በኋላ «ይህ ለምን ሆነ? በምኖርበት ቦታ የት አየዋለሁ? ቁጥሩ ቢለወጥ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

4. ጥያቄዎችን ቀላቅላችሁ ሥሩ

ብዙ ተማሪዎች ሒሳብን የሚሠሩት በምዕራፍ ነው፤ 20 የሎጋሪዝም ጥያቄ፣ ከዚያ 20 የትሪጎኖሜትሪ ጥያቄ። ሦስተኛውን ሲሠሩ መንገዱ ስለሚታወቅ የቀሩት በቀላሉ ይሄዳሉ። በፈተና ላይ ግን «ይህ የሎጋሪዝም ጥያቄ ነው» የሚል ርእስ የለም። ጥያቄው የየትኛው ምዕራፍ እንደሆነና የትኛው ቀመር እንደሚፈታው መለየት ራሱ የፈተናው ግማሽ ነው።

ሮረርና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን ፈትነውታል። የአንድ ዓይነት ጥያቄዎችን በተርታ የሠሩ ተማሪዎች በልምምዱ ጊዜ 89 ከመቶ፣ ቀላቅለው የሠሩት 60 ከመቶ አገኙ። ከአንድ ሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን በተርታ የሠሩት 20 ከመቶ ሲያገኙ ቀላቅለው የሠሩት 63 ከመቶ አገኙ። በልምምድ ጊዜ መቸገር በፈተና ጊዜ ይክሳል ማለት ነው።

አዲስ ምዕራፍ ሲጀመር ጥቂት ጥያቄዎችን በተርታ መሥራት ተገቢ ነው። መንገዱ ከገባችሁ በኋላ ግን ከ9ኛ፣ ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል መጻሕፍት አንዳንድ ጥያቄ እየመረጣችሁ ከአዲሱ ጋር ቀላቅሉ። ጥያቄዎቹን በትንንሽ ወረቀት ጽፎ በከረጢት ውስጥ መጨመርና እንደ ዕጣ እያወጡ መሥራት ቀላሉ ዘዴ ነው።

5. የስህተት ደብተር ያዙ

የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ በጉባኤው ፊት ያርመዋል። አገባቡ የተፋለሰውን፣ ምሥጢሩ የተዛባውን ይነግረዋል፤ ተማሪውም አስተካክሎ ይመለሳል። ስህተት በዚያ ቤት የትምህርቱ ክፍል እንጂ ነውር አይደለም። ቅዱስ ያሬድም ትምህርት አልገባው ብሎ በሸሸ ጊዜ፣ ከዛፍ ላይ እየወደቀ በሰባተኛው የወጣውን ትል አይቶ ወደ መምህሩ እንደተመለሰ ሁላችን ሰምተን አድገናል።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን የታረመ ወረቀት ሲመለስ ተማሪው ውጤቱን አይቶ አጥፎ ያስቀምጠዋል። ከእንግዲህ ለስህተት ብቻ የተለየ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። የሳታችሁትን ጥያቄ ገልብጡ፤ ትክክለኛውን አሠራር ጻፉ፤ ከጎኑም የስህተቱን ዓይነት አመልክቱ፦

– ትምህርቱን ፈጽሞ ስላላወቅሁት፤
– አውቄው ስለረሳሁት፤
– መንገዱን አውቄ በስሌት ስለተሳሳትኩ፤
– ጥያቄውን በሚገባ ስላላነበብኩ።

ለእያንዳንዱ ዓይነት መድኃኒቱ የተለየ ነው። የመጀመሪያው መምህር መጠየቅን፣ ሁለተኛው ክለሳን፣ ሦስተኛው ደረጃ በደረጃ መጻፍን፣ አራተኛው «ያልሆነው የቱ ነው?» የሚሉ ዓይነት ጥያቄዎችን አስምሮ ቀስ ብሎ ማንበብን ይሻል። ከወር በኋላ ደብተሩን ስታገላብጡ ነጥባችሁን የሚወስደው የትኛው እንደሆነ በገሃድ ታዩታላችሁ።

6. የቋንቋውን ግድግዳ ተሻገሩ

ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ተማሪ በፊዚክስ የሚወድቀው ፊዚክስ ስላልገባው ብቻ ሳይሆን ጥያቄው ምን እንዳለ ስላልገባው ነው። እንግሊዝኛ ለአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይሆን ለሁሉም መግቢያ በር መሆኑን ልብ በሉ።

የምንመክረው ይህን ነው። ሐሳቡን አስቀድማችሁ በአማርኛ ለጓደኛችሁ አስረዱ፤ ከዚያ ያንኑ በአምስት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። በየቀኑ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ አምስት ቃላትን፣ በተለይም በጥያቄዎች ውስጥ የሚመላለሱትን «አነጻጽር»፣ «በስተቀር»፣ «ይበልጥ ትክክል የሆነው» የመሰሉትን ለይታችሁ ያዙ። አምስት ቃል ጥቂት ይመስላል፤ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ግን ከ1,000 ይበልጣል።

7. አስቀጻይ ሁኑ

በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ ሁሉን ለብቻው አያስተምርም። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ እያስተማረም የራሱን ያጸናል። ሌላውን ማስተማር እውቀታችን የት ላይ እንደሚጎድል ወዲያው ያሳየናል፤ የታናሹ «ለምን?» የማናመልጠው ፈተና ነውና።

ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ የጥናት ማኅበር መሥርቱ። አንዱ የሒሳብ፣ ሌላው የባዮሎጂ፣ ሦስተኛው የእንግሊዝኛ አስቀጻይ ይሁን፤ በየሳምንቱ ተቀያየሩ። ሁለት ሕግ ይኑራችሁ፤ ሁሉም አስቀድሞ ብቻውን አጥንቶ ይምጣ፣ በማኅበሩም ጊዜ መጽሐፉ የሚከፈተው ለማመሳከር ብቻ ይሁን። ያለ ሕግ የሚደረግ የጋራ ጥናት ወደ ጨዋታ ይለወጣል።

8. ፈተናውን በሰዓት ልመዱ

ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ከአስተማሪዎቻችሁና ካለፉት ተማሪዎች ይገኛሉ። ጥቅማቸው መልሱን በቃል በመያዝ ላይ ሳይሆን እንደ እውነተኛ ፈተና ሰዓት ይዞ በመሥራት ላይ ነው። ለምሳሌ 60 ጥያቄ በ120 ደቂቃ የሚሠራ ቢሆን ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ይደርሰዋል። በአንዱ ጥያቄ ላይ 10 ደቂቃ የቆመ ተማሪ ሌሎች አራት ጥያቄዎችን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

ስለዚህ በሁለት ዙር ሥሩ። በመጀመሪያው ዙር የምታውቁትን ሁሉ ጨርሱ፤ የከበደውን ምልክት አድርጋችሁ እለፉት። በሁለተኛው ዙር ወደ ምልክቶቹ ተመለሱ፤ ስህተት መሆናቸውን የምታውቋቸውን አማራጮች እየሰረዛችሁ ከቀሩት ምረጡ። ጥያቄ ስትዘልሉ በመልስ ወረቀቱ ላይም ቦታውን መዝለላችሁን አረጋግጡ፤ በአንድ መስመር መሳት ብዙ ትክክለኛ መልስ ያጠፋል።

በፈተና ሰሞን «መልሱ ወጥቷል» የሚል ወሬ በስልክ ይናፈሳል። ይህን የሚያሳድድ ተማሪ ገንዘቡንም፣ ጊዜውንም፣ ሰላሙንም ያጣል። ኩረጃ ስርቆት ነው፤ በሐቅ የተገኘ 50 ነጥብ በስርቆት ከተገኘ 90 እንደሚበልጥ ለልጆቻችን ደጋግመን ልንነግራቸው ይገባል።

9. ሥጋም ድርሻ አለው

አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ያጠናውን ራሱ ያጣል። በመንዝ ብርድ እስከ እኩለ ሌሊት ከመንቀጥቀጥ በጊዜ ተኝቶ ንጋት ላይ መነሣት ይሻላል። ስንቁን ከቤቱ ይዞ የሚመጣ ተማሪም በሶውንና ቆሎውን ለሳምንቱ መጥኖ ይያዝ፤ በባዶ ሆድ ትምህርት አይገባም። ስልክ ያለው በጥናት ሰዓት ዘግቶ ከእጁ ያርቀው።

ፈተናው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ሲሰጥ ከጾመ ሐዋርያት ጋር ይገናኛል። በጾሙ ሰዓት ጉዳይ የሚጨነቅ ተማሪ በራሱ ከመወሰን የንስሐ አባቱን ያማክር። ስለ ጸሎትም አንድ ነገር እንጨምር። በፈተና ሰሞን ሥዕለት የሚሳል ብዙ ነው፤ መልካም ነው። ነገር ግን በወንጌል እንደምናነበው መክሊቱን ቀብሮ ያቆየው አገልጋይ አልተመሰገነም። ጸሎት ልብን ያረጋጋል፣ ጥናትን ይባርካል፤ ያልተሠራውን ጥናት ግን እንዲተካልን መጠየቅ አይገባም።

ሳምንታዊ መርሐ ግብር

የተባለውን ሁሉ ለማሰባሰብ የሚከተለውን እንደ ናሙና እናቀርባለን። እያንዳንዱ እንደ ቤቱ ሁኔታ ያሻሽለው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ፦ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የትናንቱን ዘግቶ ማስታወስ፤ 20 ደቂቃ አዲስ ትምህርት፤ የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች አዲሱን ዘግቶ መጻፍ። በሁለቱ መካከል የእግር መንገድ ወይም የቤት ሥራ ይግባ። አንዱ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ወይም ለሳይንስ፣ ሌላው ለእንግሊዝኛ ወይም ለሌላ ትምህርት ይሁን።

ቅዳሜ፦ አንድ ያለፈ ፈተና በሰዓት መሥራት፣ ማረም፣ ስህተቱን በደብተር ማስፈር። ከሰዓት በኋላ የጥናት ማኅበር።

እሑድ፦ ከቅዳሴ በኋላ ዕረፍት። ማታ የሳምንቱን የስህተት ደብተር ማገላበጥና የመጪውን ሳምንት ርእሶች መጻፍ።

የአጨዳና የውቂያ ሰሞን ይህን ሁሉ ማድረግ ካልተቻለ ቢያንስ የ10 ደቂቃውን ክለሳ አትተዉ። በእርሻ ላይ እያላችሁም በቃል ማስታወስ ይቻላል።

ለወላጆችና ለሰንበት ትምህርት ቤቶች

ልጅን ለማገዝ ፊዚክስ ማወቅ አያስፈልግም። እናት ወይም አባት ማታ ምድጃው ዳር «ዛሬ የተማርከውን እስኪ ንገረኝ» ቢሉ የአብነቱን መምህር ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ልጁ ላልተማረ ሰው ማስረዳት ከቻለ በእርግጥ ገብቶታል።

ስለ ሴት ልጆቻችን ግን በግልጽ መናገር አለብን። ወንድሙ ሲያጠና እርሷ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች። ከዚያ ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱ በእኩል ይመዘናሉ። በቀን አንድ የማይነካ ሰዓት ለእርሷ መስጠት ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ስጦታ ነው።

ሰንበት ትምህርት ቤቶችም አዳራሻቸውን በሥራ ቀናት ምሽት ለጥናት ቢከፍቱ፣ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች ለዕረፍት ሲመጡ አስቀጻይ እንዲሆኑ ቢጋብዙ፣ ብዙ ወጪ ሳይኖር ብዙ ፍሬ ይገኛል። ያልቀናቸውን ተማሪዎችም አንርሳ። አንድ ፈተና የሰውን ዋጋ አይወስንም፤ እንደገና ለመፈተንም፣ ሙያ ለመማርም በር አለ።

ማጠቃለያ

ያን ምሽት ከተማሪው ጋር በር ላይ ቆመን ቆየን። የቀረውን የሕዋስ ክፍፍል እኛ ሳንነግረው፣ «ከዚያስ?» እያልን ብቻ፣ ከማስታወሱ ግማሹን አወጣ። ሁለት ሕዋስ የሚያስገኘው የትኛው፣ አራት የሚያስገኘው የትኛው እንደሆነ ለየ፤ የቀረውን ጠዋት አመሳክሮ እንደሚጨርስ ቃል ገባ። በሳምንቱ ስንመለስ ጓደኞቹን በጨለማ ሲያስቀጽል ሰማነው። ፈተናው ገና ከፊቱ ነው፤ ውጤቱን በጊዜው እናያለን። ዳሩ ግን መብራት ሲጠፋ ጥናቱ መቆሙ ቀርቷል።

ውድ ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ጀምሩ፤ አንድ ርእስ አንብቡ፣ መጽሐፉን ዝጉ፣ የቀረላችሁን ጻፉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ሳምንት ካጠናችሁት መጽሐፉን ሳትከፍቱ አሁን ምን ያህሉን መጻፍ ትችላላችሁ?
2. በመጨረሻው የክፍል ፈተናችሁ የሳታችኋቸው ጥያቄዎች ከአራቱ የስህተት ዓይነቶች በየትኛው ይመደባሉ?
3. በአጥቢያችሁ ተማሪዎች በምሽት የሚያጠኑበት ቦታ አለ? ከሌለ ማን ሊያዘጋጀው ይችላል?
4. በቤታችሁ ለሴት ልጆች የጥናት ሰዓት እንዲኖር ምን መለወጥ አለበት?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር